ሮቦት ለመሥራት ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል?

ስለ ሮቦት ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በፊልም ያየነው፣ የሰው ቅርጽ ያለውና እንደ ሰው የሚናገረው የብረት ፍጡር፣ አለዚያም በትልልቅ የመኪና ፋብሪካዎች ያለ ዕረፍት የሚበይደው ግዙፍ ክንድ ነው። ሁለቱም ከትምህርት ቤቶቻችን እጅግ የራቁ ይመስላሉ። በመሆኑም «በትምህርት ቤታችን የሮቦት ክበብ ብንመሠርትስ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእርሱ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም ይኖርበታል፤ ይኸውም «ለመሆኑ ሮቦት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ይህን በሚገባ ከመለስን፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን የዕቃው ርካሽነት ራሱ ለትምህርቱ ጥቅም እንዳለው እንገነዘባለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማስረዳትና ክበብ ለመመሥረት ለሚያስቡ ተማሪዎችና መምህራን መነሻ የሚሆን ዕቅድ ማቅረብ ነው።

ሮቦት ምንድን ነው?

ቃሉ የተወለደው በቤተ ሙከራ ሳይሆን በቴአትር መድረክ ነው። የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት፣ በፋብሪካ እየተሠሩ ሰውን እንዲያገለግሉ የሚገደዱ ፍጡራንን «ሮቦት» ብሎ ጠራቸው። የቃሉ ሥር በቼክ ቋንቋ ባላባት ገባሩን ያለ ክፍያ የሚያሠራውን የግዳጅ ሥራ ያመለክታል።

ከመድረኩ ወርደን በምሕንድስና ዓይን ስንመለከተው ግን ሮቦት ሦስት ነገሮችን በተከታታይ የሚፈጽም መሣሪያ ነው። አንደኛ፣ ስለ አካባቢው አንድ ነገር ይለያል፤ ሁለተኛ፣ በለየው ነገር ላይ ተመሥርቶ ይወስናል፤ ሦስተኛ፣ ውሳኔውን በእንቅስቃሴ ይፈጽማል። እንቅስቃሴው ደግሞ የአካባቢውን ሁኔታ ይለውጣል፤ ስለዚህ መሣሪያው እንደ ገና መለየት፣ እንደ ገና መወሰን ይኖርበታል። ሂደቱ ቀለበት ነው ማለት ነው። ውጤቱ ተመልሶ መጥቶ ቀጣዩን ውሳኔ መምራቱ ግብረ መልስ ይባላል።

ግብረ መልስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬ ሲያርስ እንመልከት። እርፉን ጨብጦ፣ ዓይኑን ከትልሙ ሳይነቅል ይጓዛል። ማረሻው ከመስመር ሲወጣ ያያል፤ እርፉን አዘንብሎ ያቃናል፤ ውጤቱን ያያል፤ እንደ ገና ያቃናል። ዓይኑን ቢጨፍን በሬዎቹ መሳባቸውን አያቆሙም፤ ትልሙ ግን ይጣመማል። በርቀት መቆጣጠሪያ የሚነዳ የልጆች መኪናም በዚህ መመዘኛ ብቻውን ሮቦት አይባልም፤ የሚያየውና የሚወስነው መቆጣጠሪያውን የያዘው ልጅ ነውና። ያንኑ መኪና ራሱ ብርሃንን አይቶ እንዲታጠፍ ካደረግነው ግን ሮቦት ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ሮቦትን ሮቦት የሚያደርገው የብረቱ ብዛት ሳይሆን የቀለበቱ መዘጋት ነው።

ከአሮጌ ዕቃ የተሠሩት ኤሊዎች

በዚህ ዘርፍ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ የሚሰጣቸው ሁለት መሣሪያዎች ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ግሬይ ዋልተር የተባለው የነርቭ ሥርዓት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎችን ሠራ፤ ኤልመርና ኤልሲ የሚል ስምም አወጣላቸው። እያንዳንዳቸው አንድ የብርሃን ዓይን፣ አንድ መጋጨትን የሚለይ ማብሪያ፣ ሁለት ሞተርና ሁለት የሬዲዮ ቫልቭ ብቻ ነበሯቸው። ከላይ እንደ ኤሊ ልብስ የሚሸፍናቸው ክዳን ስለ ነበራቸው ኤሊዎች ተባሉ። መብራት ሲያዩ ወደ እርሱ ያመራሉ፤ ሲጋጩ አፈግፍገው ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ፤ ባትሪያቸው ሲደክም መብራት ወዳለበት ማረፊያቸው ተመልሰው ይሞላሉ። የተሠሩትም ከጦርነቱ ከተረፉ ዕቃዎችና ከአሮጌ ሰዓት ጥርሶች ነበር። በዛሬው ሚዛን ከሁለት ትራንዚስተር የማይበልጥ «አንጎል» ይህን ሁሉ አድርጓል።

ሌላው የነርቭ ሳይንስ ሊቅ ቫለንቲኖ ብራይተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ ሐሳቡን የበለጠ አቀለለው። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ሞተርና ሁለት የብርሃን ዓይን ያለው ተሽከርካሪ እናስብ። ብርሃን ሲበዛ ዓይኑ የተያያዘበት ሞተር ይፈጥናል። የግራው ዓይን ከግራው ሞተር፣ የቀኙም ከቀኙ ቢያያዝ፣ ከግራ በኩል መብራት ሲመጣ የግራው ጎማ ስለሚፈጥን ተሽከርካሪው ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከብርሃን ይሸሻል። ሁለቱን ሽቦዎች አጣልፈን የግራውን ዓይን ከቀኙ ሞተር ጋር ብናያይዝ ግን ያው ተሽከርካሪ ወደ መብራቱ ይሮጣል። ዕቃው አልተጨመረም፤ የሁለት ሽቦ ቦታ ብቻ ተለወጠ። ይህን በገዛ እጁ ያደረገ ተማሪ፣ ውስብስብ የሚመስል ጠባይ ከቀላል አሠራር ሊወለድ እንደሚችል ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ በጎማ ላይ

አሁን ይህን ተሽከርካሪ እንሥራው። ለየአንዳንዱ ጎን የሚያስፈልጉን አንድ ፎቶሬዚስተር፣ አንድ ትራንዚስተርና አንድ ሞተር ናቸው። ፎቶሬዚስተር ብርሃን ሲያርፍበት ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ርካሽ ክፍል ነው። ለምሳሌ በእጅ ባትሪ ሲበራበት 1,000 ኦም፣ በጨለማ ደግሞ 100,000 ኦም ነው እንበል። በአራት የባትሪ ድንጋይ ማለትም በ6 ቮልት ተነሥተን፣ በትራንዚስተሩ በር ላይ የሚቀረውን 0.7 ቮልት ገደማ ስንቀንስ 5.3 ቮልት እናገኛለን። በኦም ሕግ መሠረት በብርሃን 5.3 ሚሊአምፔር፣ በጨለማ 0.05 ሚሊአምፔር ገደማ ወደ ትራንዚስተሩ በር ይገባል። ትራንዚስተሩ ይህን 100 ጊዜ የሚያጎላ ቢሆን ለሞተሩ በብርሃን እስከ 530፣ በጨለማ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ይፈቅዳል። አንድ ትንሽ ሞተር ለመዞር 200 ሚሊአምፔር ቢፈልግ፣ በብርሃን ይዞራል፤ በጨለማ ይቆማል። ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ ለነጥብ ሲያሰላው የኖረው ቀመር እዚህ ላይ ተሽከርካሪው የሚሄድ ወይም የማይሄድ መሆኑን ይወስናል።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 9 ቮልቷን አራት ማዕዘን ድንጋይ ይመርጣሉ፤ ቮልቴጇ ከፍ ያለ ነዋ። ሞተሩ ግን አቃስቶ ይቆማል። ምክንያቱ የድንጋዩ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ነው። በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ የታጨቁት ስድስት ደቃቅ ሴሎች ከፍ ያለ ኮረንቲ ሲጠየቁ ቮልቴጃቸውን በገዛ ውስጣቸው ያባክኑታል። አራት ተራ የጣት ድንጋዮች ግን በ6 ቮልት የተሻለ ሥራ ይሠራሉ። ውስጣዊ ሬዚስታንስ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፊደል ናት፤ በክበቡ ጠረጴዛ ላይ ግን በቴስተር የሚለካ፣ ሞተር የሚያቆም እውነተኛ ነገር ነው። ሞተሩ ባዶውን ሲዞርና ጎማው በእጅ ተይዞ ሲቆም የሚወስደውን ኮረንቲ ማወዳደርም እንዲሁ ራሱን የቻለ ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህም የምንመርጠው ትራንዚስተር ቢያንስ 1 አምፔር የሚሸከም ይሁን፤ ሞተሩ ሲጠፋ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ግፊት እንዳይጎዳውም በሞተሩ ጎን አንዲት ዳዮድ ትታሰር።

ፕሮግራም የሚጻፍለት አንጎል

በሁለተኛው ደረጃ ማይክሮኮንትሮለር ይመጣል። ይህ በአንዲት ስስ ቁራጭ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። በክበቦች ዘንድ በብዛት የሚሠራበት አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሪያ ከተማ ለዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ የተፈጠረ ነው። ንድፉ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ ሌሎች አምራቾችም በአነስተኛ ዋጋ ያመርቱታል። የተለመደው ዓይነት በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሰዓት ያለው ሲሆን ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት ማከማቻ አለው። ይህ ለአንድ ፎቶግራፍ እንኳ የማይበቃ መጠን ቢሆንም ለሮቦታችን ተርፎት ይቀራል።

በነጭ ካርቶን ላይ በጥቁር ናስትሮ የተሠመረ መንገድ የሚከተል ሮቦት እንውሰድ። ሁለቱ ዓይኖች ወደ ታች ይመለከታሉ፤ መስመሩ በመካከላቸው ያልፋል። እያንዳንዱ ፎቶሬዚስተር ከአንድ 10,000 ኦም ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ተያይዞ 5 ቮልቱን ይካፈላሉ። ነጭ ሲያይ 5,000 ኦም፣ ጥቁር ሲያይ 20,000 ኦም ቢሆን፣ በሬዚስተሩ ላይ የምናገኘው ቮልቴጅ በነጭ 3.33፣ በጥቁር 1.67 ነው። አርዱይኖ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ከ0 እስከ 1,023 ባለው ቁጥር ስለሚመነዝረው 682 እና 341 ያነባል። በመካከሉ 512 ላይ ወሰን እናበጅና ትእዛዙን እንዲህ እንጽፋለን፦

የግራው ዓይን ጥቁር ካየ፣ የግራውን ሞተር አዘግይ።
የቀኙ ዓይን ጥቁር ካየ፣ የቀኙን ሞተር አዘግይ።
ሁለቱም ነጭ ካዩ፣ ወደ ፊት ሂድ።

ይህ ከገበሬው አስተራረስ የተለየ አይደለም። ልብ እንበል፤ ጠዋት የሠራው ወሰን ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቹ በየጊዜው መለካትንና ዓይኖቹን በጥቁር ወረቀት ጥቅልል መከለልን ይማራሉ። የአርዱይኖው እግር በደኅና የሚሰጠው ኮረንቲ 20 ሚሊአምፔር ያህል ብቻ ስለ ሆነም ሞተሩ በቀጥታ አይያያዝበትም፤ ትራንዚስተሩ እዚህም ያስፈልጋል።

ፎቶሬዚስተር ዘገምተኛ መሆኑም አንድ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ለውጡን ለመለየት 50 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል። ሮቦቱ በሴኮንድ 20 ሴንቲሜትር ቢጓዝ ጥቁሩን እስኪለይ 1 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ በሴኮንድ 60 ሴንቲሜትር ቢጓዝ ግን 3 ሴንቲሜትር ይሄዳል። የናስትሮው ስፋት 2 ሴንቲሜትር ገደማ ስለ ሆነ በመታጠፊያ ላይ ሮቦቱ መስመሩን «ሳያየው» ሊሻገረው ይችላል ማለት ነው። «ለምንድን ነው ሲፈጥን የሚስተው?» ብሎ ራሱ የጠየቀ ተማሪ፣ ፍጥነትን በጊዜ ማባዛት ለምን እንደሚጠቅም ሁለተኛ አይጠይቅም።

ርካሽነት የሚሰጠው ነፃነት

እስካሁን የዘረዘርነው ዕቃ ርካሽ ነው። ርካሽ መሆኑን ግን እንደ ጉድለት ልናየው አይገባም የምንልበት ምክንያት አለን።

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ውድ የሆነ የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲመጣ በመዝገብ ይገባል፤ ከዚያም ይቆለፍበታል። ኃላፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ዕቃው ቢሰበር ተጠያቂው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ተማሪው ዕቃውን በመስተዋት ውስጥ አይቶ ይመረቃል። ኮረንቲን በወረቀት ሲያሰላ ኖሮ፣ ቴስተር በእጁ ሳይጨብጥ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ በየዓመቱ እናገኛለን። ጎበዝ አይደለም ልንል አንችልም፤ የተነፈገው ነገር ማበላሸት ነው። ሽቦ አገላብጦ ያላያያዘ፣ ትራንዚስተር አቃጥሎ ጭሱን ያላሸተተ፣ ከዚያም ምክንያቱን ፈልጎ ያላገኘ ሰው የሙከራ ሳይንስን ገና አልጀመረም። ማበላሸት የሚፈቀደው ደግሞ የተበላሸውን መተካት ሲቻል ብቻ ነው። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማያህል ትራንዚስተር ሲቃጠል መምህሩ «ለምን ተቃጠለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ውድ ሳጥን ሲበላሽ ግን የሚጠይቀው «ማን አበላሸው?» ብሎ ነው። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት በሳይንስ ትምህርትና በንብረት ጥበቃ መካከል ያለው ርቀት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥገኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ ላይ የዋለው ሌጎ ማይንድስቶርምስ የተሰኘ የሮቦት መገጣጠሚያ በዓለም ዙሪያ ለብዙ ክበቦች መሠረት ነበር፤ ጥራቱም የሚያጠያይቅ አልነበረም። ሆኖም አምራቹ በ2022 መጨረሻ ምርቱን አቆመ። በአንድ ኩባንያ ሳጥን ላይ ብቻ የቆመ ክበብ እንዲህ ባለ ጊዜ መለዋወጫ ያጣል። ሞተር፣ ሬዚስተርና ትራንዚስተር ግን የማንም የብቻ ንብረት አይደሉም።

በዚህ ረገድ የሌሎችን ልምድ መጥቀስ ይጠቅማል። ጋናዊቷ አዮርኮር ኮርሳና አሜሪካዊው ኬን ጎልድበርግ የመሠረቱት የአፍሪካ የሮቦቲክስ መረብ እ.ኤ.አ. በ2012 ዋጋው 10 ዶላር ገደማ የሆነ የማስተማሪያ ሮቦት እንዲሠራ ውድድር አወጣ። ከአሸናፊዎቹ አንዱ የቶማስ ቲሊ ሥራ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ጨዋታ እጀታ የተሠራ፣ ለሚዛኑም ባለ እንጨት ከረሜላዎች የተሰኩበት ሲሆን ወጪውም ከ10 ዶላር በታች ነበር። የእኛም ልጆች ለዚህ ዓይነቱ ብልሃት እንግዳ አይደሉም። ከሽቦ አካል፣ ከቆርኪ ጎማ ሠርተው በረጅም ዘንግ መሪ እያዞሩ መኪና ሲነዱ ያላየ ማን አለ? ያ የሽቦ መኪና መሪና ጎማ አለው፤ የጎደለው ዓይን ብቻ ነው።

ዕቃው ከየት ይገኛል?

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የብር መጠን ከመጥቀስ ይልቅ አንድ የአራት ሰው ቡድን የሚያስፈልገውን እንዘርዝር። ሁለት ሞተሮች፣ ሁለት ፎቶሬዚስተሮች፣ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ ሁለት ዳዮዶች፣ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ አራት የባትሪ ድንጋዮች፣ ሽቦና ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ። አካሉ ከካርቶን ወይም ከስስ ጣውላ፣ ጎማው ከፕላስቲክ ክዳን ይሠራል፤ በስተፊት ያለው ሦስተኛ ድጋፍ ግማሽ የፒንግ ፖንግ ኳስ ሊሆን ይችላል። ቴስተር፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ለክበቡ በጋራ ይገዛሉ።

ሞተሮች ከተበላሹ የካሴት ቴፖች፣ የዲቪዲ ማጫወቻዎችና የወረቀት ማተሚያ ማሽኖች ይወጣሉ። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚከመረው ዕቃ ለክበቡ ሰፊ መጋዘን ነው። ከአሮጌ ዕቃ የሚወጣ ሞተር በጣም ፈጣን ሆኖ ጉልበቱ አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ከዚያው ዕቃ የወጡ ጥርሶች ፍጥነቱን ቀንሰው የማሽከርከር ጉልበቱን ይጨምሩለታል። በአዲስነታቸው የሚሸጡት ቢጫ የሮቦት ሞተሮች ውስጣቸው ሲከፈት ሞተሩ 48 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ እንዲዞር የተደረደሩ ጥርሶች ይታያሉ። ጥርሶቹን መቁጠርና ስሌቱን ማረጋገጥ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥሩ የቤት ሥራ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው አርዱይኖው ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ እርሱ ስለሚያልፉ ለአምስት ቡድኖች ሁለት ቢኖሩ ይበቃሉ። ኮምፒዩተርም አንድ ቢሆን ችግር የለውም፤ ፕሮግራሙ አስቀድሞ በደብተር ይጻፋል፤ ቡድኑ ተራው ሲደርስ ይጭነዋል። ሥራው በባትሪ ድንጋይ ስለ ሆነ መብራት ቢጠፋም ከፕሮግራም መጫን በስተቀር አይቋረጥም።

የአሥር ሳምንት ዕቅድ

ክበቡ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ቢገናኝ፣ በአሥር ሳምንት የሚከተለውን መፈጸም ይቻላል። የፈረቃ ትምህርት ባለበት ቅዳሜ ጠዋት ይመረጣል።

በ1ኛውና በ2ኛው ሳምንት አሮጌ ዕቃ ይፈታል፤ ክፍሎቹ ይለያሉ፤ በቴስተር መለካት ይለመዳል። በ3ኛውና በ4ኛው አካሉ ይሠራል፤ ሞተርና ድንጋይ ብቻ ተያይዘው ቀጥ ብሎ መሄዱ ይፈተናል። ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ለምን እንደማይሄድ መፈለግ የሳምንቱ ሥራ ነው። በ5ኛው ብርሃን የሚከተለውና ብርሃን የሚሸሸው ተሽከርካሪ ይሠራል። ከ6ኛው እስከ 8ኛው የፕሮግራም መጻፍና የመስመር መከተል ጊዜ ነው። በ9ኛው ሳምንት እያንዳንዱ ቡድን የሮቦቱን ፍጥነት ቀይሮ ስንት ጊዜ ከመስመር እንደ ወጣ በሠንጠረዥና በግራፍ ያሳያል። በ10ኛው ወላጆች ተጋብዘው ሥራው ይታያል፤ ከዚያም ሮቦቶቹ ሁሉ ተፈትተው ክፍሎቹ ለቀጣዩ ዙር ተማሪዎች ወደ ሳጥናቸው ይመለሳሉ። መፍታቱ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን ክበቡ በየዓመቱ አዲስ ገንዘብ ሳይለምን የሚቀጥለው በዚህ ነው። ለመታሰቢያ የሚቀረው ደብተሩ ነው።

ክበብን የሚያኖረውና የሚገድለው

ክበቦች የሚሞቱት ብዙ ጊዜ በገንዘብ እጦት ሳይሆን በአንድ ሰው ላይ በመንጠልጠላቸው ነው። ያቋቋመው መምህር ሲዛወር ቁልፉም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት መምህራን ኃላፊነቱን ይጋሩት፤ ዕቃ ቆጥሮ የሚያስረክብና የሚረከብ የተማሪዎች ንብረት ያዥ ይኑር፤ ዘንድሮ የተማሩት ለከርሞ ገቢዎች አስተማሪ ይሁኑ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በየተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በወር አንድ ቅዳሜ ቢያሳልፉ ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል፤ አንድን ነገር ማወቃችንን የምናረጋግጠው ለሌላው ስናስረዳ ነውና። በሰፈሩ ያሉ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞችም መጋበዝ ይገባቸዋል። ብዙዎቹ ቀመሩን ባይጽፉትም ብልሽት በመፈለግ ረገድ ዲግሪ ያለውን የሚያስከነዱ ናቸው።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ጉዳይም አለ። በቡድን ሥራ ላይ ካቻቢቴውን ቀድሞ የሚያነሣው ደፋሩ ተማሪ ነው፤ ደብተሩና እስክሪብቶው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሴት ተማሪዎች እጅ ይቀራል። በዚህ መልክ ዓመቱን የጨረሰች ተማሪ የክበቡ አባል ነበረች ማለት አይቻልም፤ ጸሐፊው ነበረች እንጂ። መፍትሔው ምክር ሳይሆን ደንብ ነው። አካል ሠሪ፣ ሽቦ አያያዥ፣ ፕሮግራም ጻፊና መዝጋቢ የሚሉት አራት ሥራዎች በየሳምንቱ በተራ ይዙሩ፤ ተራውን መዝለል አይፈቀድ።

ስለ ደኅንነት

ሦስት ነገሮች የማይጣሱ ይሁኑ። አንደኛ፣ ባለ 220 ቮልት መስመር ላይ የተሰካ ዕቃ በፍጹም አይከፈት። አሮጌ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ምድጃ ተነቅለውም እንኳ በውስጣቸው አደገኛ ቮልቴጅ ሊያቆዩ ስለሚችሉ ተማሪዎች አይፍቷቸው። ሁለተኛ፣ የስልክና የላፕቶፕ ሊቲየም ባትሪዎች ሲበሱ ወይም ጫፎቻቸው በሽቦ ሲገናኙ ሊቀጣጠሉ ስለሚችሉ ጀማሪዎች በተራ የባትሪ ድንጋይ ይሥሩ። ሦስተኛ፣ ብየዳ ካለ መስኮት ይከፈት፤ ለብየዳ የሚቀልጠው ቅይጥ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል እጅ ሳይታጠቡ ምግብ አይነካ።

እንግዲህ በርእሱ ላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ «እጅግ ጥቂት» የሚል ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ይኸውም የሚከፈት ክፍል፣ በየሳምንቱ የማይቀር መምህር፣ ሲበላሽም የማይቆጣ አስተዳደር ማግኘት ነው። እነዚህን ለማግኘት ርእሰ መምህሩ ዘንድ ባዶ እጅ ይዞ ከመቅረብ ይልቅ አንድ የሚሄድ ነገር ይዞ መቅረብ ይሻላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ሦስት ወይም አራት ጓደኛሞች በዚህ ሳምንት አንድ የተበላሸ ቴፕ ይፈልጉ፤ ሞተሩን ያውጡ፤ ከድንጋይ ጋር ያገናኙት። ከዞረ ጎማ ይግጠሙለት። ካልዞረ ደግሞ ለምን እንዳልዞረ ይፈልጉ፤ ክበቡ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው።